ማርሽ የሚቀየረው ከዳገቱ በፊት ነው

በእኛ ሀገር «ማርሽ ቀየረ» የሚለው አነጋገር ከመኪና ወርዶ ሰው ላይ ከተሳፈረ ቆይቷል። ረጋ ብሎ ሲያወራ የነበረ ሰው ድንገት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ «ኧረ ይሄ ሰው ማርሽ ቀየረብን» እንላለን። ዓመታት ሲያዘግም የከረመ ነጋዴ አንድ ቀን ፎቅ ሲያስጀምር ከታየም «ሰውዬው እኮ ማርሽ ቀይሯል» ይባላል። ቋንቋ እንዲህ ነው፤ የብረቱን ጠባይ ሳይቀር ለሰው ያወርሳል። የሚገርመኝ ግን ወሬያችን ሁሉ ስለ መቀየሩ መሆኑ ነው። መቼ ነው የሚቀየረው ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። አንድ ሰው ወይም አንድ ፋብሪካ ወድቆ ሲገኝ ነገሩን ከሥሩ ብትመረምሩት፣ ብዙ ጊዜ የጣለው መቀየር አለመቻሉ አይደለም፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ መቀየሩ ነው።

ይህን የሞተር ሳይክልን ታሪክ ያህል በግልጽ የሚያሳይ አላጋጠመኝም። መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው ማርሽ ቢሳሳት መኪናው ይንገጫገጭና ይጠፋል፤ ተሳፋሪው ይስቃል፤ በዚያው ያልቃል። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ከታች ሁለት ጎማ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የማርሹ ጉዳይ የአጥንትና የነፍስ ጉዳይ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ። (ታሪኩ የፈረንጆቹ ስለሆነ ዓመታቱንም በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

በ1885 ጀርመናዊው ጎትሊብ ዳይምለር ከባልደረባው ከቪልሄልም ማይባህ ጋር ሆኖ በእንጨት ክፈፍ ላይ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ገጠመ። ጉልበቱ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አካባቢ የዳይምለር ልጅ ተቀምጦበት ከካንሽታት እስከ ኡንተርቱርክሃይም 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳው። ይህ የሞተር ሳይክሎች ሁሉ አያት ሁለት ማርሽ ነበረው ማለት ይቻላል፤ በአንደኛው በሰዓት 6፣ በሁለተኛው 12 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ታዲያ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር መቆምና ቺንጋውን ማዛወር ያስፈልግ ነበር። መቼ ልቀይር የሚለው ጥያቄ ገና አልተወለደም። የሚቀይረው የቆመ ሰው ነዋ!

ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ብዙዎቹ ሞተሮች ያለ ማርሽ ነበር የሚሠሩት። ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ አንድ የቆዳ ቺንጋ ነው ያለው፤ በቃ። ሜዳ ላይ መልካም ነው። ዳገት ሲመጣ ነጂው እንደ ብስክሌት ፔዳል እየረገጠ ያግዘዋል። እሱም ካልበቃ ዘሎ ይወርድና መሪውን ይዞ ከጎኑ ይሮጣል፤ ከላይ ሲደርስ ዘሎ ይወጣል። ሞተር ገዝቶ መሮጥ! በቅሎ ገዝቶ ሸክሙን ራሱ እንደሚሸከም ሰው ማለት ነው።

ማርሽ የሚሠራው ሥራ ለመረዳት አያስቸግርም። አንድ ኩንታል ጤፍ የተሸከመ ሰው ደረጃ ሲወጣ ርምጃውን ያሳጥራል። ጉልበቱ ያው ነው፤ ርምጃው ግን አጠረ፤ ስለዚህ ይወጣል። ሜዳ ሲደርስ ደግሞ ያስረዝመዋል። የሞተርም ነገር እንዲሁ ነው። ጣሊያኖች ማርሽን «ማርቻ» ይሉታል፤ ይኸው ቃል ርምጃና ሰልፍ ማለትም ነው። የእኛ መካኒኮች «ካምቢዮ» የሚሉት ዕቃም በጣሊያንኛ «ለውጥ» ማለት ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ጎማ፤ እነዚህም ከዚያው መንደር የመጡ ቃላት ናቸው። ጋራዥ ገብቶ ጣሊያንኛ ያልተናገረ አበሻ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሞተር ሳይክልን ዓለም ማርሽ እንዲይዝ ያስገደደው አንድ ተራራ ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ ማን የምትባል ደሴት አለች። በእንግሊዝ ሀገር በ1903 በወጣው ሕግ ከ20 ማይል (32 ኪሎ ሜትር) በላይ በሰዓት መንዳት ክልክል ስለነበረና መንገድ ዘግቶ መሽቀዳደምም ስለማይፈቀድ፣ የራሷ ምክር ቤት ያላት ይህች ደሴት የእሽቅድምድም አገር ሆነች። ቱሪስት ትሮፊ የሚባለው የሞተር ውድድር በ1907 ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ፔዳል መርገጥ ተፈቅዶ ነበር፤ በ1908 ተከለከለ። በ1911 ደግሞ አዘጋጆቹ ውድድሩን ወደ ተራራው መንገድ አዛወሩት። አንዱ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም ከባሕሩ ዳርቻ ተነሥቶ በስኔፌል ተራራ ትከሻ ላይ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እንግዲህ ፔዳል የለም፤ ዘሎ ወርዶ እየሮጡ ማሸነፍም የለም።

በዚያ ዓመት በትልልቆቹ ሞተሮች ውድድር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የገቡት ኢንዲያን የተባሉት የአሜሪካ ሞተሮች ሆኑ። ነጂዎቹ ኦሊቨር ጎድፍሬይ፣ ቻርለስ ፍራንክሊንና አርተር ሙርሃውስ ከዚያው ከእንግሊዝና ከአየርላንድ የተገኙ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ «የአሜሪካ ጀግኖች አሸነፉን» ማለት አይቻልም። ያሸነፈው ዕቃው ነው። ኢንዲያኖቹ በሰንሰለት የሚሠሩና ሁለት ማርሽ ያላቸው ነበሩ፤ ብዙዎቹ የብሪታንያ ሞተሮች ግን ገና ከቺንጋቸው ጋር ነበሩ። በራስ ሜዳ፣ በራስ ልጆች፣ በሰው ዕቃ መሸነፍ እንዴት እንደሚያንገበግብ አስቡት።

እዚህ ላይ ለእንግሊዞቹ የሚገባቸውን ምስጋና መስጠት አለብኝ። ሽንፈቱን አላስተባበሉም። በማግሥቱ ዓመት በ1912፣ ቀጥሎም በ1913 ስኮት የተባለው የራሳቸው ሞተር በሰንሰለትና በሁለት ማርሽ ያንኑ ውድድር አሸነፈ። በ1915 ትራይምፍ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ የተገጠመለትን ሞተሩን አወጣ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ 30,000 የሚሆኑ እነዚህ ሞተሮች በየግንባሩ መልእክት አመላለሱ። ተራራው ተናገረ፤ እነሱም ሰሙ። ማርሽ በጊዜው መቀየር ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ «እንዴት» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ረጅም መልስ ነው። በዚያ ዘመን የማርሹ ዘንግ ከቤንዚኑ ታንከር ጎን የቆመ ስለነበረ፣ ለመቀየር አንዱን እጅ ከመሪው ማንሣት ግድ ነበር። በጠጠር መንገድ፣ ኩርባ ላይ፣ በአንድ እጅ! በ1920ዎቹ መገባደጃ ላይ የቬሎሴት ፋብሪካው ሃሮልድ ዊሊስ ዛሬ ሞተረኛው ሁሉ የሚያውቀውን የእግር ማርሽ ሠራ። አንድ ጊዜ ስትረግጠው አንድ ማርሽ ይቀየርና ፔዳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ደግመህ ስትረግጠው ሌላ አንድ። የት እንዳለ ጎንበስ ብሎ ማየት ቀረ። እጅ ከመሪ ሳይነሣ፣ ዓይን ከመንገድ ሳይነቀል ማርሽ መቀየር ተቻለ።

በ1946 ደግሞ ጣሊያናዊው የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሞተር ሳይክል ራሱ የማይወድ ሰው ሆኖ ሳለ ለፒያጆ ፋብሪካ ቬስፓን ነደፈ። ማርሹን ከእግር ወስዶ በመሪው ግራ እጀታ ላይ አደረገው፤ ፍሪሲዮኑን ይዞ እጀታውን ጠምዘዝ ማድረግ ነው። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ቬስፓን በፈቃድ ሲያመርት ቆይቶ በዚያው ጥበብ ባለ ሦስት እግሩን ሠራ። ስለዚህ ሐዋሳም ሆነ ድሬዳዋ ባጃጅ ውስጥ ስትቀመጡ፣ ሾፌሩ ግራ እጁን ጠምዘዝ ሲያደርግ ካያችሁ፣ የዳስካኒዮን ሐሳብ እያያችሁ ነው።

በ1958 ጃፓናዊው ሶይቺሮ ሆንዳ ሱፐር ከብን አወጣ። የሚታወቀው ታሪክ እንዲህ ነው፤ የኑድል ሾርባ የሚያመላልስ ልጅ በአንድ እጁ ትሪ ይዞ በሌላው እጁ ብቻ እንዲነዳው ታስቦ ተሠራ። ፍሪሲዮኑ በራሱ ይሠራል፤ ነጂው በእግሩ ማርሹን መርገጥ ብቻ ነው የቀረው። 49 ሲሲ ብቻ የሆነችው ሞተር በደቂቃ 9,500 ጊዜ እየዞረች 4.5 የፈረስ ጉልበት ታወጣለች። የዳይምለሩ አያት በደቂቃ የሚዞረው 600 ጊዜ ያህል ነበር። የዚህች «ሚጢጢ» ሞተር ዘር በ2017 100 ሚሊዮን ሞላ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ ብልሆች የመለሱት «እንዴት ልቀይር» የሚለውን ነው። ከቺንጋ ወደ ዘንግ፣ ከዘንግ ወደ እግር፣ ከእግር ወደ እጀታ። «መቼ» የሚለው ግን በ1911ም በ1958ም ያው ለነጂው የተተወ የቤት ሥራ ነበር።

አንድ የማውቃቸው አዛውንት መካኒክ ነበሩ። ጋራዣቸው ሞተር የሚለማመዱ ጎረምሶች አይጠፉም። ልጆቹ «ጋሼ፣ ሁለተኛ የማስገባው ስንት ላይ ሲደርስ ነው?» ብለው የፍጥነት ቆጣሪውን ቁጥር ይጠይቋቸዋል። እሳቸው ይስቁና «ልጄ፣ ዓይንህን ለመንገዱ ስጠው፣ ጆሮህን ለሞተሩ። ቁጥሩ አንተ ከሌለህበትም እዚያው አለ» ይሏቸዋል። ከዚያ ቁጭ አድርገው ያስረዳሉ። ሞተር ጉልበቱን ሁሉ የሚሰጠው በሆነ የመዞሪያ መጠን መካከል ነው። ከዚያ በታች ስትይዘው ይንገጫገጫል፣ ይከብደዋል፣ ነዳጅ ብትጨምርለትም አይነሣልህም፤ ያን ጊዜ ወደ ከባዱ ማርሽ መመለስ ነው። ከዚያ በላይ ስትይዘው ይጮኻል እንጂ አይጨምርም፤ ያን ጊዜ ወደ ቀላሉ ማሳለፍ ነው። «ሞተር ሳይናገር አይሞትም» ይሉ ነበር።

ግን፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ይህ የጀማሪ ትምህርት ነው። የበሰለ ሞተረኛ ሞተሩ እስኪጮኽ አይጠብቅም። ዳገቱን ከሩቅ ያየዋል። ፍጥነቱ ሳይሞት፣ ሞተሩ ሳይጨነቅ፣ አንድ ማርሽ ዝቅ ያደርጋል። ዳገቱ መካከል ደርሶ፣ ሞተሩ ተንፈራግጦ ሊጠፋ ሲል ፍሪሲዮን የሚይዝ ሰው፣ ለዚያች ቅጽበት ጎማውን የሚገፋ ጉልበት ያጣል፤ ያቺ ቅጽበት ወደ ኋላ ለመንሸራተት ትበቃለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ኩርባም እንደዚሁ ነው፤ ማርሽ የሚቀየረው ሞተሩ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ወደ ጎን ካዘነበሉ በኋላ በድንገት ከባድ ማርሽ የሚያስገባ ሰው የኋላ ጎማው ሊያዝበትና ሊያንሸራትተው ይችላል።

ቁልቁለቱ ደግሞ የባሰ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። በከባድ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዛል። ለቤንዚን ቁጠባ ብሎ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ የሚለቅቀው ሰው ግን ሸክሙን በሙሉ ለፍሬኑ ያስረክባል። ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን መያዝ ይደክመዋል፤ ያን ጊዜ ማርሽ ላስገባ ቢሉ ፍጥነቱ እሺ አይልም። ጥቂት ብር የምታወጣ ቤንዚን ለማዳን የሰው ሕይወት የሚያስይዝ ቁማር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ሞተር አልነዱም፤ ነገሩን ግን ያውቁታል።

አሁን ወደ እንግሊዞቹ ልመለስ። የ1911ዱን ተራራ የሰሙት አያቶች ነበሩ። የልጅ ልጆቹስ? በ1959 ሆንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያችው ደሴት መጣ። በ1961 በ125 ሲሲም በ250 ሲሲም ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያለውን ቦታ ጠራርጎ ወሰደው፤ በሁለቱም አንደኛ የወጣው እንግሊዛዊው ማይክ ሄይልዉድ ነው። እንደገና በራሳቸው ሜዳ፣ በራሳቸው ልጅ፣ በሰው ዕቃ! ታሪክ ከዚህ በላይ ምን ብላ ትጩህ?

በዚህኛው ጊዜ ግን አልሰሙም። ትንንሽ ሞተር የእኛ ሥራ አይደለም፣ ትልልቁ ይበቃናል አሉ። ጃፓኖቹ ትንንሹን ያዙ፤ ከዚያ መካከለኛውን፤ በ1969 ሆንዳ ባለ 750 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በቁልፍ የሚነሣና የፊት ዲስክ ፍሬን ያለው ሞተር ይዞ ትልቁ ሜዳ ላይ ቆመ። በ1975 ለብሪታንያ መንግሥት የቀረበ አንድ ጥናት ሁኔታውን ሲገልጸው፣ ፋብሪካዎቹ በተገፉ ቁጥር ወደሚቀጥለው ትልቅ መጠን እያፈገፈጉ ነበር፤ በመጨረሻ የሚያፈገፍጉበት ጠፋ። ዳገቱ መካከል ደርሰው ነው ፍሪሲዮን የያዙት።

በጣም የሚገርመው ደግሞ የእግር ማርሹ ራሱ ምስክር መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ሞተር ማርሽ በቀኝ እግር፣ ፍሬኑ በግራ ነበር፤ የጃፓኖቹ በተቃራኒው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው በድንጋጤ ጊዜ ፍሬን ያዝኩ ብሎ ማርሽ ይረግጣል። የለመደ እግር ምክር አይሰማም። በመጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1974 ጀምሮ የሚመረት ሞተር ሁሉ ማርሹ በግራ እግር እንዲሆን በሕግ ደነገገ። የአሜሪካ ገበያ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበርና የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የዘመናት ዕቃቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩት። በገዛ ፈቃዳቸው ያልቀየሩትን ማርሽ ሌላ ሀገር ያወጣው ሕግ ቀየረላቸው። ሜሪደን በተባለ ቦታ የነበረው የትራይምፍ ፋብሪካ በ1973 ሊዘጋ ሲል ሠራተኞቹ በሩን ይዘው አናስወጣም፣ አናስገባም አሉ፤ ከ1975 ጀምሮ በኅብረት ሥራ ማኅበር አንቀሳቀሱት፤ በ1983 ግን ተዘጋ። እነዚያ ሠራተኞች ሰነፍ አልነበሩም። ማርሹን መቼ መቀየር እንደነበረበት የሚወስኑትም እነሱ አልነበሩም። ዋጋውን የከፈሉት ግን እነሱ ናቸው። መሪውን የያዘው ሰው ሲዘገይ ቀድሞ የሚወድቀው ከኋላ የተፈናጠጠው ነው።

«መቼ»ን የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የእኛው ምሩጽ ይፍጠር አለ። ፈረንጆቹ ስሙን ከሥራው ጋር አግጥመው «ይፍተር ዘ ሺፍተር» አሉት፤ እኛም «ማርሽ ቀያሪው» አልነው። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ ነበር። በ1976 ሞንትሪያል ላይ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ስላልተካፈሉ ስምንት ዓመት ጠበቀ። በ1980፣ በእኛ ሐምሌ 1972፣ ሞስኮ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ 10,000ውንም 5,000ውንም ወሰደ። በሁለቱም ርቀት ወደ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ነው የተፈተለከው። ሙኒክ ላይ ሁለቱንም ርቀቶች ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን በ10,000ው ከኋላው ቀርቶ አምስተኛ ወጣ።

ሰው የሚያደንቀው የመጨረሻውን 300 ሜትር ነው። እኔ ግን የማደንቀው ከዚያ በፊት ያለውን 9,700 ሜትር ነው። ያን ሁሉ መንገድ ጉልበቱን ይዞ፣ የሌሎቹን ትንፋሽ እያዳመጠ፣ አልቸኩልም ብሎ መሮጥ። ሁለት ዙር ሲቀር ቢፈተለክ ኖሮ ይነድ ነበር። መቶ ሜትር ሲቀር ቢሆን ኖሮ ሌሎቹም ያንኑ ሊያደርጉ ተዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር። ምሩጽ በ2016 ቶሮንቶ ውስጥ ዐርፏል። የተወልን ቅጽል ስም ስለ ፍጥነት የተሰጠ ይመስለናል፤ ለእኔ ስለ ጆሮ የተሰጠ ነው።

ዛሬ ማርሹ ራሱ እየጠፋ ነው። በ2010 ሆንዳ ማርሹን በኮምፒውተር የሚቀይር ትልቅ ሞተር ሳይክል አውጥቷል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች ደግሞ አብዛኞቹ ፍሪሲዮንም ማርሽም የላቸውም። እኛም ሀገር ከ2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ የሚመጣው ትውልድ «ሁለተኛ አስገባ» የሚለውን አነጋገር ትርጉም አያቱን መጠየቁ አይቀርም። በዚህ አልከፋም። ቴክኖሎጂ ሰውን ከልፋት ሲያሳርፍ ማልቀስ አያምርም፤ ከሞተሩ ጎን እየሮጡ ዳገት መውጣትን የሚናፍቅ የለም።

ግን ዳገቱ አልጠፋም። አባይ በረሃ እዚያው ነው። ተማሪ እያነሰው ያለ ትምህርት ቤት፣ ደንበኛው እየሸሸው ያለ ሱቅ፣ ባለጉዳዩ በየኮሪደሩ የሚያጉረመርምበት መሥሪያ ቤት፣ እነዚህ ሁሉ በከባድ ዳገት ላይ በቀላል ማርሽ እየተንገጫገጩ ያሉ ሞተሮች ናቸው። ኮምፒውተር አይቀይርላቸውም። ድምፁ ግን ይሰማል፤ ከኋላ የተፈናጠጡት ሰዎች ከሁሉ በፊት ይሰሙታል። ስለዚህ መሪ የያዛችሁ ሁሉ፣ ከኋላችሁ «ኧረ ማርሽ ቀይር» የሚል ድምፅ ስትሰሙ ሰውዬው ነገረኛ ነው ብላችሁ አትቆጡ። ምናልባት ዳገቱን ያየው እሱ ይሆናል።